ሩፈይዳ አፈ ጉባዔ የሆነችበት ቀን

ሩፈይዳና አብራር የተዋወቁት በጥል ነው።

ጥቅምት ላይ ነበር። ሩፈይዳ አጋሮ ያለችውን አክስቷን ጠይቃ ወደ ጅማ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን አሁንም «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ!» እያለ ሰው ይጨምራል። መጨረሻ ላይ የገባው ረጅም ቀጭን ወጣት የቡና ችግኝ የታጨቀበት ፌስታል አቅፏል። መቀመጫ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ቆመ፤ ፌስታሉም የሩፈይዳ ጉልበት ላይ አረፈ።

«ወንድም፣ ይሄ ዕቃህ ሒሳብ ከፍሏል?» አለችው።

«አልከፈለም።»

«ታዲያ ጉልበቴ ላይ በየትኛው ሕግ ነው የተቀመጠው?»

ወጣቱ ሊያነሳው ሞከረ። ክንዱ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀርቅሮ አልንቀሳቀስ አለው፤ ፊቱን ላብ አጠመቀው። «እህቴ፣ ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። ከሊሙ ገነት ጀምሮ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የመጣሁት። እስከ ጅማ ብቻ ቻይልኝ።»

ልትቆጣ ነበር። ግን ቀና ብላ ስታየው ያ ረጅም ሰውዬ በጣሪያው ልክ ታጥፎ፣ ዓይኑ በልምምጥ ተሞልቷል፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ጅማ እስኪደርሱ ድረስ የተሳፋሪው ጆሮ የእነሱ ሆነ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሚማሩ ሆነው ተገኙ፤ እሷ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ እሱ ደግሞ ዕፅዋት ሳይንስ። ችግኙ ለመመረቂያ ጥናቱ ነው። አባቱ ሞቷል፤ ሊሙ ገነት ቡና የምታለማው እናቱ ወይዘሮ ለጢፋ ናት።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ የጅማ፣ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጅ ነኝ። የአባቦራ ልጅ።»

«የወንበር ቤቱ አባቦራ?»

«ራሱ።»

አብራር ወዲያው ቀጥ ብሎ ለመቆም ሞከረና ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። አቶ አባቦራን ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአንድ ግንድ የሚጠርበው ወንበር አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ ኮስታራነቱም እንደ ወንበሩ ስሙ የወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዴት እንዳለፉ ሁለቱም አያውቁትም። ከክፍል ሲወጡ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለች አንዲት ጁስ ቤት ይገናኛሉ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ያዳምጣል። አንዳንዴ ቃል ሳይናገር ያያታል፤ እሷም ወሬዋ የት ላይ እንደነበረ ይጠፋታል።

«አንተ ግን ለምንድነው የማታወራው?» ትለዋለች።

«የማስበውን ቀድመሽ ስለምትናገሪው ነዋ!»

በዚያው ሰሞን የኮሌጁ ሕግ ክፍል በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለሚያካሂደው የተማሪዎች የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምዝገባ ጀመረ። ሩፈይዳ የአብራርን ስም ራሷ ሄዳ አስመዘገበች። «ከሰው ፊት ቆመህ እንድትናገር አደርግሃለሁ!» አለችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አላሰረዘውም።

ወሬ እግር አለውና ጊንጆ ጉዱሩ ደረሰ። አንድ ከሰዓት ሩፈይዳ ምሳ ልታደርስ ወርክሾፑ ስትገባ አባቷ የሚልገውን እንጨት አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ሩፊ፣ የሊሙ ልጅ ነው አሉ።»

«አዎ፣ አባ።»

«ጥሩ ልጅ ነው?»

«ጥሩ ልጅ ነው።»

«ጥሩ ልጅ ሽማግሌ ይልካል። ልጄን ጁስ ቤት እያስቀመጠ የሰው መጠቋቆሚያ አያደርጋትም። ሽማግሌ ይላክና ወገኑን ልይ። ካልሆነ ግን ስሙን ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ሩፈይዳ በደስታ አበደች። አባቷ እምቢ አላለም! በማግስቱ ወደ አዌቱ የሄደችው እየሮጠች ነው። አብራር ድልድዩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«አባ ሽማግሌ ይላክ ብሏል!» አለችው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ሰማኸኝ? ይላክ ነው ያለው!»

የጠበቀችው ሌላ ነበር። የአብራር ፊት መጀመሪያ በራ፤ ከዚያ እንደ መብራት ድርግም አለ። ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ።

«ምነው?» አለችው።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ሩፊ።»

«ለምን?»

መልስ የለም።

«ሽማግሌ መላክ አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሩፈይዳ ጠበቀች። ድሮ የምትወደው ያ ዝምታ አሁን እንደ ጥፊ ፊቷ ላይ አረፈ።

«ገባኝ» አለችና ዞራ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን አላነሳችም።

የምክር ቤቱ ቀን ደረሰ።

አገሩ ላይ ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት እንዳለ ሁሉ፣ ብሔር ብሔረሰቦች የሚወከሉበትና ሕገ መንግሥት የሚተረጎምበት ላይኛው ምክር ቤትም አለ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚያስመስሉት ይህንኑ ላይኛውን ነው። የማን ወኪል እንደሚሆኑ በዕጣ ይወጣል፤ የራሱን ብሔረሰብ ወንበር የሚይዝ የለም። የጎንደሩ ልጅ ለዳውሮ ይከራከራል፤ የወላይታዋ ለሶማሌ። በዚህ ዓመት ሩፈይዳ በከፍተኛ ድምፅ አፈ ጉባዔ ሆና ተመርጣለች። ለአብራር የኮንሶ ወንበር ደረሰው፤ በዚያ ላይ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አባል አደረጉት። ኮሚቴው ደግሞ ረጅሙን ሪፖርት የሚያነብለት ሲያጣ፣ እምቢ ማለት የማይችለውን ሰው መረጠ።

ጠዋቱን ዝናቡ ይወርዳል። አዳራሹ ግን ሰርግ ቤት መስሏል። አባላቱ ከወዲያ ከወዲህ በተዋሱት የባህል ልብስ አጊጠው ይተራመሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጥምጥም ያስተካክላል፤ ፎቶ ይነሳል፤ የሚሳቀው ሳቅ ከጣሪያው ዝናብ ይበልጣል። መድረኩ ላይ ያለውን ትልቅ የአፈ ጉባዔ ወንበር ያዋሰው አቶ አባቦራ ነው። ስለዚህም በክብር እንግድነት ተጠርቶ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ከእንግዶቹ ረድፍ ተቀምጧል። የመጣው ግን ለወንበሩ ብቻ አልነበረም። ያ የሊሙ ልጅ የትኛው እንደሆነ በዓይኑ ሊያይ ነው።

«ሻርፕሽን እስከ አገጭሽ ጠቅልለሻል» አለቻት ሳቢሪን፣ ጓደኛዋና ምክትል አፈ ጉባዔዋ።

«ብርድ ነው።»

«የምን ብርድ? ኮንሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። እንዳታዪው!»

አየችው። ባለ መስመር የኮንሶ ልብስ ለብሶ፣ ከስቶ፣ ወረቀቱን ትኩር ብሎ ያያል። ልቧ ዘለለ፤ በራሷ ተናደደች።

ደወል ተደወለ። ሁሉም ተነሳ። ሩፈይዳ መዶሻውን አንስታ መታች።

«የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ምልዓተ ጉባዔው መሟላቱን አረጋግጫለሁ። የዕለቱ ስብሰባ ተከፍቷል።»

የገዛ ድምፅዋ ገረማት። አልተንቀጠቀጠም።

አፈ ጉባዔ የተመረጠበት ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባዔ ቀረበ። የአርጎባ ወኪል «ስሜ በስህተት ተጽፏል፣ በቃለ ጉባዔው ላይ ወንድ ሆኜያለሁ» ብላ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰችው፤ ተስተካክሎ ጸደቀ። አጀንዳ ጸደቀ። ስለ ክልሎች የድጎማ ቀመር የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ሞቅ ያለ ክርክር ተደርጎበት በድምፅ ብልጫ አለፈ። ሩፈይዳ ሲጮሁ ታስቆማለች፣ ሲደባለቁ ትለያለች፣ ሲረዝሙ ታሳጥራለች። አቶ አባቦራ አንገቱን አስግጎ ያያታል። ቤት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ!

ከሻይ በኋላ ዋናው ጉዳይ ተጠራ።

ጉዳዩን የፈጠሩት የሕገ መንግሥት መምህሯ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ናቸው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች። ገና ለቅሶ ላይ ሳለች የባሏ ወንድሞች «የቡናውን መሬት ነገር ሽማግሌ ይየው?» ብለው ይጠይቋታል። «እሺ» ትላለች። ሽማግሌዎቹም መሬቱ የወንድማማቾቹ ነው ብለው ይወስናሉ። ፍርድ ቤት ስትሄድ «በሽማግሌ እንዲታይ ራስሽ ተስማምተሻል» ይሏታል። አሁን ይህ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ለምክር ቤቱ አመልክታለች።

«የቋሚ ኮሚቴውን ሪፖርት የሚያቀርቡት የተከበሩ አባል፣ ይቀጥሉ» አለች ሩፈይዳ። ስሙን አልጠራችም።

አብራር ወደ መድረኩ ወጣ። በእንግዶቹ ረድፍ አቶ አባቦራ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሰውየውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የሊሙ ልጅ እሱ ነው።

አብራር አነበበ፤ ጥርት ባለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። የሁለቱንም ወገን ክርክር ሳያጎድል ዘረዘረ። ከዚያ መደምደሚያው ላይ ደረሰ።

«ስለሆነም አመልካቿ ጉዳይዋ በሽማግሌ እንዲታይ በፈቃዷ የተስማማች በመሆኑ፣ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም ሲል ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል።»

የሩፈይዳ ደም ፈላ። ይሄን እንዴት ዓይኑን ሳያሽ ያነበዋል? ለዚህ ነው እንዴ የማያወራው? ልቡ ውስጥ ምንም ስለሌለ?

«እናመሰግናለን። ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

አብራር ወረደ። ወንበሩ ጋ ደረሰ። አልተቀመጠም። እጁን አወጣ።

«የተከበሩ አፈ ጉባዔ፣ የኮሚቴውን ሪፖርት እንደተጻፈው አቅርቤያለሁ። አሁን ደግሞ እንደ አንድ የምክር ቤቱ አባል፣ ሪፖርቱን ለመቃወም ዕድል እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

አዳራሹ ፈነዳ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!» ብሎ ተነሳ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኩመራ፣ የግቢው አንደኛ ተከራካሪ። «የተከበሩ አፈ ጉባዔ፣ ይሄ ጉድ ነው! ራሱ ያቀረበውን ሪፖርት ራሱ ሊቃወም? በየትኛው አገር ነው የሚደረገው?»

«ይናገር!» አለ ከወዲያ ወገን።

«አይናገርም!» አለ ከወዲህ።

ሩፈይዳ መዶሻውን መታች። ደንቡን አገላበጠች። ሳቢሪን ጆሮዋ ስር ሹክ አለቻት፦ «ከልክዪው! አሁን ነው መበቀል! ማን ይጠይቅሻል?»

እውነት ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ወይዘሮ ብርሃንነሽ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው ያዩዋታል፤ የሚረዷት አይመስሉም። ሩፈይዳ አብራርን አየችው። እሱም አያት። ከድልድዩ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ የመጀመሪያቸው ነው። ያ ዓይን የቆረጠ ዓይን ነበር፤ እንዲህ ሆኖ አታውቀውም።

«ጥያቄውን ተመልክቼዋለሁ» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። «ደንባችን አቅራቢ የኮሚቴውን ሪፖርት ሳያዛባ ማቅረብ አለበት ይላል። የተከበሩት አባል አቅርበዋል። አቅራቢ የሆነ ሰው የራሱን አንደበት ለኮሚቴው አስረክቧል የሚል አንቀጽ ግን አላገኘሁም። የኮንሶው ተወካይ ከራሳቸው ወንበር ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶላቸዋል።»

ግማሹ አዳራሽ ጠረጴዛ ደበደበ። ኩመራ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«አመሰግናለሁ» አለ አብራር። ወረቀት አልያዘም። «እኔ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ "እሺ" የሚለው ቃል ሁልጊዜ ፈቃድ አይደለም። አንዲት ሴት አውቃለሁ። ባሏ የሞተው ከዓመታት በፊት ኅዳር ላይ፣ ቡናው ገና ሳይለቀም ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ የባሏ ወንድሞች መጡና መሬቱን ሽማግሌ ይየው ብለው ጠየቋት። "ሀዬ"፣ እሺ አለች። በዚያች ሰዓት ልጅሽን እንውሰደው ቢሏትም "ሀዬ" ትል ነበር። ምን እንደተጠየቀች እንኳ አልሰማችም። ቤቱ ውስጥ ሆኜ አይቻታለሁ።»

ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«እናቴ ናት።»

ሩፈይዳ የወንበሯን ክንድ ጨበጠች።

«አጎቶቼ እስከ ዛሬ መሬቱን ልቀቂ ይሏታል። እናቴ አለቀቀችም። እኔ ደግሞ» ቀና አለ፤ ወደ ማን እንዳየ ለማንም አልተሰወረም። «እኔ ደግሞ አንዲት ልጅ እወዳለሁ። አባቷ ሽማግሌ ይላክ አለ። ትክክል ነው። ግን በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱልኝ እነዚሁ አጎቶቼ ናቸው። ሄጄ ለመንኳቸው። "እናትህ መሬቱን ትልቀቅ፣ ያኔ እንሄድልሃለን" አሉኝ። እናቴን ሸጬ ሚስት ላግባ? ይሄንንስ ለምወዳት ልጅ በምን አፌ ልንገራት? አፍሬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ስላልፈለግኋት አይደለም። እኔ ራሴ ዝምታዬ በስህተት ሲተረጎምብኝ እንዴት እንደሚያም አውቄዋለሁ። ስለዚህ የዚያችን ሴት "እሺታ" እኛ እንደፈለግን አንተርጉመው!»

አንድ ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳቢሪን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አዳራሹ በሙሉ ከአብራር ወደ አፈ ጉባዔዋ፣ ከአፈ ጉባዔዋ ወደ አብራር ዓይኑን ያመላልሳል።

ሩፈይዳ ምን ማድረግ እንዳለባት ለቅጽበት ጠፋት። ከመድረኩ ዘልላ መውረድ ፈለገች። ማልቀስ ፈለገች። የያዘችው ወንበር ግን የሷ ብቻ አይደለም።

«የተከበሩ አባል» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ሰዓትዎ... አልቋል። በአጀንዳው ላይ ብቻ እንዲያተኩሩም አሳስባለሁ።»

ሳቅና ጭብጨባ ተደባለቀ። ከጭብጨባው መሀል አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ።

«ቆይ! እኔ አንድ ነገር ልናገር!»

አቶ አባቦራ ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ፊቱ ቀልቷል።

በዕድሜዋ አባቷን ተቀመጥ ብላው አታውቅም። እንዲህ ልለው እችላለሁ ብላም አስባ አታውቅም። መዶሻውን አነሳች፤ ቀስ ብላ አንድ ጊዜ መታች።

«የተከበሩ እንግዳ፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እንግዳ መናገር አይፈቀድለትም። እባክዎ ይቀመጡ።»

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። አባትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ የአቶ አባቦራ ጢም ተንቀሳቀሰ፤ የተቆጣም የሳቀም ይመስላል። ተቀመጠ። አጠገቡ ወዳለው ሰው ዘንበል ብሎ «ልጄ ናት፣ አየሃት?» አለው፣ ሦስት ረድፍ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩን የሚያቆመው ጠፋ። የመናገር ዕድል የጠየቀው እጅ ደን ሆነ። ኩመራ ተነስቶ ጥሩ ተከራከረ፤ «ለአንዲት እናት ስናዝን የሽማግሌን ዳኝነት በሙሉ እንዳናፈርስ» አለ። የአርጎባዋ ተወካይ «የምናፈርሰው ዳኝነቱን አይደለም፣ በእንባ ላይ የተገኘውን ፈቃድ ነው» ብላ መለሰችለት።

«ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንሄዳለን» አለች ሩፈይዳ። «የኮሚቴውን የውሳኔ ሐሳብ የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። ተቆጠረ። «የምትቃወሙ?» እጆች ወጡ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው መጡ። ጩኸት ሆነ። ሩፈይዳ እንደገና እንዲቆጠር፣ አሁን ግን ቆመው ድምፅ እንዲሰጡ አዘዘች። አፈ ጉባዔ ድምፅ አትሰጥም። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ እጇን ማንሳት አምሯት አያውቅም፤ እጇን ከጠረጴዛው ስር አድርጋ ጨበጠችው።

ደጋፊዎች ቆሙ። ኩመራ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ግማሽ ላይ ቆም አለ፤ ወደ አብራር አየና መልሶ ተቀመጠ። ተቃዋሚዎች ሲቆሙም አልተነሳም። «ድምፀ ተዓቅቦ» ሲባል ብቻውን ቆመ። አዳራሹ «ኡ!» አለ።

ሳቢሪን ውጤቱን አመጣች።

«የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ» አለች ሩፈይዳ፣ «በሁለት ድምፅ ልዩነት ውድቅ ሆኗል። ምክር ቤቱ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ሲል ወስኗል። የዕለቱ ስብሰባ ተፈጽሟል።»

ጥምጥም ወደ ላይ ተወረወረ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ ከፊት ረድፍ ተነስተው በቀጥታ ወደ አብራር ሄዱ። «የእኔ ጉዳይ ፈጠራ ነበር» አሉት፤ «የእናትህ ግን እውነት ነው። ሰኞ ይዘሃት ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ክፍላችን ና። ይሄን ነገር ወረዳው ፍርድ ቤት እናየዋለን።»

ሩፈይዳ አብራርን ያገኘችው በረንዳው ላይ ነው። ዝናቡ ከጣሪያው እየተንዠቀዠቀ ግቢውን ጋርዶታል።

«ለምን ለእኔ ለብቻዬ አልነገርከኝም?» አለችው። እንባዋ ቀድሟት ወርዷል። «ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ከመናገር ለእኔ መንገር ከበደህ?»

«በጣም ከበደኝ። እነሱ ቢንቁኝ ምንም አይደል፤ አንቺ ብትንቂኝስ?»

«ሞኝ!»

«ነኝ።»

«እኔም ዞሬ መሄድ አልነበረብኝም። ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ...»

«አትጠብቂም አንቺ» አለ ፈገግ ብሎ። «ሰዓት አልቋል ትያለሽ።»

በእንባዋ መሀል ሳቀች። እጁን ሊዘረጋ ሲል ከኋላቸው ጉሮሮ ተጠረገ። አቶ አባቦራ ነው። አብራር እንደ ወታደር ቀጥ አለ።

«አንተ ነህ የሊሙ ልጅ?»

«አዎ፣ አባ።»

«አጎቶችህ አንሄድም አሉ?»

«አዎ።»

አቶ አባቦራ ኮፍያውን ደፋ፣ አወለቀ፣ እንደገና ደፋ። «ቅድም ተነስቼ ልናገር የነበረው ይሄንን ነው፤ አፈ ጉባዔዋ ከለከለችኝ እንጂ። ሽማግሌ የግድ ወንድ ነው ያለህ ማነው? ያሳደገችህ እናትህ ናት። እሷ ትምጣ። ቤቴ ክፍት ነው።»

«እናቴ?» አለ አብራር፣ ያልሰማ ይመስል።

«እናትህ! ማሊ፣ ምንድነው? ጆሮህም እንደ አፍህ ነው እንዴ?»

ወይዘሮ ለጢፋ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ሰኔ መግቢያ ላይ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ እጇ የሠራተኛ እጅ የሆነ ሴት ናት። ሳሎን ውስጥ ተቀመጪ ሲሏት አልቀመጥም አለች።

«አቶ አባቦራ» አለች ቆማ፤ «ሊለምን የመጣ ቆሞ ነው የሚናገረው። ልጄን የወንድ ወገን አልተከተለውም፤ አያፍርም፣ እኔም አላፍርም። ወልጄዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁ፣ ውሸት አላስለመድኩትም። ልጅህን ስጠኝ። ካልሰጠኸኝም እንዲህ ባለ ልጅ አባትነትህ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።»

ሩፈይዳ ከጓዳው በር ኋላ ቆማ ትሰማለች።

አቶ አባቦራ ተነስቶ እሱም ቆመ። «አዴ ለጢፋ፣ እኔ አባት ነኝ፤ ምርቃቱ የእኔ ነው። መልሱ ግን የሷ ነው። ሩፊ! ነይ ውጪ።»

ወጣች። በሕዝብ ፊት መዶሻ የመታች ልጅ አሁን መሬት መሬት ታያለች።

«ትፈልጊዋለሽ?» አላት አባቷ።

«እፈልገዋለሁ፣ አባ።»

«ማሻአላህ!» አሉ ጎረቤቶቹ አንድ ላይ። ወይዘሮ ለጢፋ ሩፈይዳን ጎትታ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እንደገና ግንባሯን ሳመቻት።

ክረምቱ ሲወጣ ፍርድ ቤቱ መሬቱን ለወይዘሮ ለጢፋ አጸናላት። ሩፈይዳም ተመርቃ እዚያው ነፃ የሕግ ድጋፍ ክፍል ሥራ ጀመረች። ኒካሁ ጅማ ታሰረ፤ ሰርጉ ሊሙ ገነት ሆነ፤ ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ ለቃሚ በሚጠብቅበት ሰሞን።

ድግሱ ደርቶ፣ ዘፈኑ ሰፈሩን ሞልቶ ሳለ ግቢው በድንገት ጸጥ አለ። ታላቁ አጎት በሩ ላይ ቆሟል። ብቻውን ነው። አይገባም፤ አይሄድምም።

አብራር ከሙሽራ ወንበሩ ብድግ አለ። መንጋጋው ሲጠብቅ ሩፈይዳ አየችው። ሰው ሁሉ ወይዘሮ ለጢፋን ያያል።

ወይዘሮ ለጢፋ የያዘችውን ትሪ ለሌላ ሴት ሰጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች። ከአጎትየው ፊት ቆመች፤ ሰውየው ዓይኑን ሊያነሳላት አልቻለም።

«ግባ» አለችው። «የወንድምህ ልጅ ሰርግ ነው። ውጭ ቆመህ አይብረድህ።»

ሰውየው ገባ። ከዳር ቦታ ሰጡት። ከሴቶቹ በኩል አንዷ እልል አለች፤ ዘፈኑም ካቆመበት ሳይሆን ከፍ ብሎ ተነሳ።

አብራር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአባቷም በእናቱም ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሩፈይዳን እጅ ያዘ፤ እሷም አጥብቃ ያዘችው።